ሳድሱን ትታችሁ ቁጠሩ

ለአንደኛ ዓመት የጤና ሳይንስ ተማሪዎችና ለቤተሰቦቻቸው የተደረገ ንግግር፣ ለንባብ ተስተካክሎ የተጻፈ

እንደምን አመሻችሁ። ይህን ዝናብ ሳትፈሩ ልጆቻችሁን ተከትላችሁ የመጣችሁ ወላጆች፣ ምስጋናዬ ከልብ ነው። ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልለምናችሁ። ሁላችሁም አንድ ላይ፣ ጮክ ብላችሁ «ቁርጭምጭሚት» በሉልኝ።

ሰማችሁ? አዳራሹ በአንድ አፍ ነው ያለው። ከፊት እናቷ ጭን ላይ የተቀመጠችው ትንሽ ልጅ እንኳ አልተደናቀፈችም። እስቲ ቃሉን እንደ ባዕድ ሰው ሆናችሁ ስሙት። ሰባት ፊደል ነው፤ ከሰባቱ አምስቱ ሳድስ ናቸው፤ «ጭ» ሁለት ጊዜ ይመጣል። አማርኛ ሊማር የመጣ የውጭ ሰው እዚህ ቃል ላይ ሲደርስ ላብ ያጠምቀዋል። እኛ ግን ኳስ ሜዳ ላይ ተረግጠን፣ ድንጋይ አዳልጦን «ውይ ቁርጭምጭሚቴን!» ብለን የጮኽንበት ቃል ስለሆነ ርዝመቱ ታይቶን አያውቅም።

አሁን ሌላ ቃል ልበል፤ ይህን ብቻዬን ነው የምለው። ስተርኖክላይዶማስቶይድ።

አያችሁ፣ የብዙዎቻችሁ ፊት ተለወጠ። ተማሪዎቹ ይህን ስም በቅርቡ ተዋውቀውታል፤ አንዳንዶቹ ደብተራቸው ዳር ላይ አሥር ጊዜ እየጻፉ ሲሸመድዱት አይቻለሁ። ዛሬ የምናገረው ስለዚህ አንድ ቃል ነው፤ የአንድ የአንገት ጡንቻ ስም ነው። አንድ ቃል ስንት ደቂቃ ያናግራል የምትሉ ካላችሁ ትንሽ ታገሡኝ፤ ይህን አንዱን በደንብ ከፈታነው፣ ከዚህ በኋላ የሚመጡት መቶዎቹ በዚያው ቁልፍ ይከፈታሉ።

ለምን እንደሚያሳስበኝ ልንገራችሁ። እኔ ተማሪ በነበርኩበት ዘመን አብሮኝ የሚማር፣ ከገጠር የመጣ፣ እጁ እንደ ዓይን የሚያይ ልጅ ነበር። አስከሬን ክፍል ውስጥ ጡንቻውን ከጡንቻ፣ የደም ሥሩን ከነርቭ ለይቶ ሲያወጣ እኛ ቆመን እናየው ነበር። አንድ ቀን መምህራችን በመቆንጠጫ አንገት ላይ አንድ ጡንቻ ያዙና «ይህ ምንድን ነው?» አሉት። ከየት ተነስቶ የት እንደሚያርፍ፣ ሲኮማተር ራስን ወዴት እንደሚያዞር በአማርኛ ነገራቸው። «ስሙን ነው የጠየቅኩህ» አሉት። ስሙን ጀመረው፤ ግማሹ ላይ ተያዘ፤ እንደገና ጀመረ፤ እንደገና ተያዘ። መምህሩ «ስሙን መጥራት የማትችለውን ነገር አታውቀውም ማለት ነው» ብለው አለፉት። ከዚያ ቀን በኋላ ያ ልጅ ክፍል ውስጥ እጁን ሲያወጣ አላየሁትም። እኔ ዛሬም መምህሩ የተናገሩት ልክ ነው ብዬ አላምንም። ጡንቻውን ያውቀው ነበር። ያልተነገረው ነገር ቢኖር ቃሉም እንደ ጡንቻው መነሻና መድረሻ፣ መገጣጠሚያም ያለው መሆኑን ነው።

መጀመሪያ ግን ጡንቻውን እንያዘው፤ ቃሉ ያለ እሱ ነፋስ ነው። ወላጆችም አብራችሁን አድርጉ። ፊታችሁን ወደ ቀኝ አዙሩ፤ አገጫችሁ ወደ ቀኝ ትከሻ ይጠጋ። አሁን ግራ እጃችሁን አንገታችሁ ላይ አድርጉ። በግራ በኩል ከጆሮ ጀርባ ወደ ደረታችሁ መሃል የሚወርድ ገመድ የመሰለ ነገር ተወጥሮ ታገኛላችሁ። እሱ ነው። ልብ በሉ፣ ፊታችሁ የዞረው ወደ ቀኝ ነው፤ የሠራው ግን የግራው ጡንቻ ነው።

በጣታችሁ ወደታች ተከተሉት። ታች ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው እግሩ እንደ ጅማት ጠንከር ብሎ የደረት አጥንት ላይኛው ጫፍ ላይ ያርፋል፤ ሥጋ ቤት ፍርምባ የምንለው ቦታ ያለው አጥንት ማለት ነው። ሁለተኛው ጠፍጠፍ ብሎ፣ ከደረት ወደ ትከሻ የሚሄደው ቀጭን አጥንት ላይ ይያያዛል። በሁለቱ እግሮች መካከል ትንሽ ጎድጓዳ አለች። ያቺ ጎድጓዳ ሐኪም ወደ ትልቁ የአንገት ደም መላሽ ሥር መርፌ ሲያስገባ ምልክት የሚያደርጋት ቦታ ናት። አሁን ወደላይ ተመለሱ፤ ከጆሯችሁ ጀርባ፣ ከጆሮ ጌጣችሁ ቀዳዳ ትንሽ ወደ ኋላ፣ ጎላ ያለ የአጥንት እብጠት አለ። ጡንቻው ወደላይ ሲደርስ የሚይዘው እሱን ነው።

ሦስት አጥንት ነካችሁ። የቃሉን ትርጉም ጨረሳችሁ ማለት ነው። የቀረው ቃሉን መቁረጥ ነው።

ሰሌዳው ላይ በፊደላችን ልጻፈው፤ ስ፣ ተ፣ ር፣ ኖ፣ ክ፣ ላ፣ ይ፣ ዶ፣ ማ፣ ስ፣ ቶ፣ ይ፣ ድ። አሥራ ሦስት ፊደል። ተማሪ ሲያየው የሚያስፈራው ይህ አሥራ ሦስት ነው። አሁን ፊደል ስንቆጥር የተማርነውን እናምጣ። ግእዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስ፣ ሳድስ፣ ሳብዕ። ከአሥራ ሦስቱ ውስጥ ሳድሶቹን በሙሉ አጥፏቸው። ስ ጠፋች፣ ር ጠፋች፣ ክ፣ ይ፣ ሁለተኛዋ ስ፣ ሁለተኛዋ ይ፣ መጨረሻ ላይ ያለችው ድ። ሰባት ሄዱ። ማን ቀረ? ተ፣ ኖ፣ ላ፣ ዶ፣ ማ፣ ቶ። ስድስት።

ይህን ቃል እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሲለው ስንት ጊዜ አፉን የሚከፍት ይመስላችኋል? ስድስት ጊዜ። የቋንቋ ሰዎች ይህን በአንድ የአፍ መክፈት የሚወጣውን የቃል ቁራጭ ቀለም ይሉታል። ስተር፣ ኖ፣ ክላይ፣ ዶ፣ ማስ፣ ቶይድ። ስድስት ቀለም። የእኛ ፊደል ሳትነግሩት ቆጥሮ አስቀምጦላችኋል። በላቲን ፊደል የተጻፈውን ስታዩ አናባቢው ከተነባቢው ጋር በአንድ ረድፍ ተሰልፎ ነው የሚመጣው፤ የቱ ከየቱ እንደሚሄድ ዓይን አይለይም። የእኛ ፊደል ግን እያንዳንዱን አናባቢ ከነባለቤቱ አቅፎ ይይዘዋል። ስለዚህ የፈራችሁትን ቃል መጀመሪያ በፊደላችሁ ጻፉት። ይህን የምለው እንግሊዝኛውን ተዉት ለማለት አይደለም፤ ፈተናውም መጽሐፉም በዚያ ነው። መጀመሪያ ጆሮአችሁ ይያዘው ነው የምለው።

ሳድስ ሁለት ጠባይ እንዳለው ግን መርሳት የለብንም። አንዳንዴ ድምፅ አልባ ሆኖ ከጎረቤቱ ይለጠፋል፤ አንዳንዴ ራሱ ትንሽ ድምፅ ይይዛል። «ቁርጭምጭሚት» ውስጥ ሳድሶቹን ብታጠፉ የሚቀሩት ቁ እና ሚ ብቻ ናቸው፤ ስትሉት ግን ቁር፣ ጭም፣ ጭ፣ ሚት፣ አራት ጊዜ ነው አፋችሁ የሚከፈተው። ሁለቱ «ጭ» ነፍስ ያላቸው ሳድሶች ናቸው። በባዕዶቹ የአካል ስሞች ላይም አልፎ አልፎ ይህ ይገጥማል፤ ለምሳሌ «ቬንትሪክል» መጨረሻው ላይ «ክል» የምትለዋ ራሷን የቻለች ቀለም ናት፤ ሳድስ አጥፍቶ የቆጠረ ሁለት ይላል፣ እውነቱ ሦስት ነው። እንዲህ ያሉት ጥቂት ናቸው። ብራኪዮራዲያሊስን ሞክሩት፤ ራ፣ ኪ፣ ዮ፣ ራ፣ ዲ፣ ያ፣ ሊ፣ ሰባት፤ ልክ ነው። ጋስትሮክኒሚየስን ሞክሩት፤ ጋ፣ ሮ፣ ኒ፣ ሚ፣ የ፣ አምስት፤ ይህም ልክ ነው።

አሁን ወደ ስድስቱ እንመለስ፤ እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ነገር እዚህ ነው ያለው። ተ፣ ኖ፣ ላ፣ ዶ፣ ማ፣ ቶ። ከእነዚህ ውስጥ ሳብዕ የሆኑት የትኞቹ ናቸው? ኖ፣ ዶ፣ ቶ። ሦስት ሳብዕ። እነዚህ ሦስቱ የቃሉ ስፌቶች ናቸው።

ግሪኮች ሁለት ቃል ሲያጋጥሙ መሃል ላይ «ኦ» የምትል ድምፅ ያስገባሉ። የራሷ ትርጉም የላትም፤ ሥራዋ ማያያዝ ነው። «ስተርኖን» ደረት ነው። «ክሌይስ» ቁልፍ ነው፤ ቃሉ ከሌላ ጋር ሲጋጠም «ክሌይድ» ይሆናል። «ማስቶስ» ጡት ነው። «ኤይዶስ» መልክ፣ ቅርጽ ነው። አሁን ስፉት፤ ስተርን፣ ኦ፣ ክላይድ፣ ኦ፣ ማስት፣ ኦ፣ ኢድ። አራት ጨርቅ፣ ሦስት ስፌት። «ደረት፣ ቁልፍ፣ ጡት መሰል» ነው የሚለው። አንዱን አለመሳት ነው፦ «ክላይዶ» ውስጥ ያለው «ይድ» እና መጨረሻ ላይ ያለው «ይድ» ዘመዳሞች ይመስላሉ፤ አይደሉም። የመጀመሪያው የቁልፉ አካል ነው፤ «መልክ» የሚለው የኋለኛው ብቻ ነው። ጎበዝ ተማሪዎች እንኳ እዚህ ላይ ሲሳሳቱ አይቻለሁ።

ይህ መስፋት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ቤት እና ክርስቲያን ሲጋጠሙ ምን እንላለን? ቤተ ክርስቲያን። ሥን እና ጽሑፍ ሲጋጠሙ ሥነ ጽሑፍ፤ ርእስ እና ከተማ ሲጋጠሙ ርእሰ ከተማ። ት ወደ ተ፣ ን ወደ ነ፣ ስ ወደ ሰ ትለወጣለች፤ ሳድሱ ግእዝ ይሆናል። ያቺ ለውጥ የግእዝ ቋንቋ ስፌት ናት። ግሪኩ በሳብዕ ይሰፋል፣ ግእዙ በግእዝ ይሰፋል። ከመካከላችሁ ቅኔ ቤት ወይም ንባብ ቤት ያለፈ ልጅ ካለ ይህን ከእኔ በላይ ያውቀዋል። ልዩነቱ አሰላለፉ ላይ ነው። በእኛ ዋናው ነገር ቀድሞ ይቆማል፤ ቤተ ክርስቲያን ቤት ነው። በእነሱ ዋናው ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ ይቆማል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ስም ለመረዳት ከጅራቱ መጀመር ይጠቅማል።

ሳብዕ ሁሉ ግን ስፌት አይደለም። «ኦሞሃዮይድ» የሚባል ሌላ የአንገት ጡንቻ አለ። መጀመሪያ ላይ ያለችው «ኦ» የሥሩ ናት፤ «ኦሞስ» በግሪክ ትከሻ ነው። ስፌቶቹ «ሞ» እና «ዮ» ናቸው። ስለዚህ ሳብዕ ስታዩ ቁሙና «እዚህ ጋ ቢቀደድ ግራና ቀኙ ትርጉም ይሰጣል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። የቃሉን ትርጉም ያላቸውን ቁርጥራጮች የቋንቋ ሰዎች ምዕላድ ይሏቸዋል። አንድ ምዕላድ አንዴ ካወቃችሁት በየቦታው ታገኙታላችሁ። ማስቶስን ያወቀ ማስታይቲስ የጡት ብግነት፣ ማስቴክቶሚ ጡትን በቀዶ ጥገና ማውጣት መሆኑን ሳይነገረው ይደርስበታል። ከጆሮ ጀርባ ያለውም እብጠት ስሙን ያገኘው ጫፉ የጡት ቅርጽ ስላለው ነው።

ቁልፉስ? የጥንት ግሪኮች የቤተ መቅደስ ቁልፍ ዛሬ ኪሳችን ውስጥ የምንጨምራት ዓይነት አልነበረም፤ ረጅምና ጠማማ ብረት ነበር። ከደረት ወደ ትከሻ የሚሄደውን አጥንት በጣታችሁ ብትከተሉት ሁለት ጊዜ ይጣመማል። በላቲንም «ትንሿ ቁልፍ» ተባለ፤ ክላቪክል የምንለው ከዚያ ነው የመጣው።

የስሙ አሰላለፍም በዘፈቀደ አይደለም። እንዲህ ባሉ የጡንቻ ስሞች በአብዛኛው የሚቀድመው መነሻው፣ የሚከተለው ማረፊያው ነው። ስተርኖ እና ክላይዶ መነሻዎች ናቸው፤ ብዙ የማይንቀሳቀሱት። ማስቶይድ ማረፊያው ነው፤ የሚንቀሳቀሰው ራስ። ጂኒዮግሎሰስ ከአገጭ ተነስቶ ምላስ ላይ ያርፋል። ስተርኖሃዮይድ ከደረት አጥንት ተነስቶ ምላስ ሥር ያለችው ሃዮይድ አጥንት ላይ ያርፋል። ስሙን የፈታ ሰው ጡንቻው ሲኮማተር ማን ወደ ማን እንደሚሳብ ግማሹን ገመተ ማለት ነው። ያ ጓደኛዬ መነሻና ማረፊያውን በአማርኛ ሲናገር ሳያውቀው ስሙን እየተረጎመ ነበር።

አሁን ወደ ድምፁ። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ ተማሪዎቻችን በጣም የሚቸገሩት እዚህ ነውና።

አማርኛ ቀለሞቹን እኩል ያስኬዳል ማለት ይቻላል። የእኛ ጨዋታ መጥበቅና መላላት ላይ ነው። «ገና» ላልቶ ሲነበብ «ገና አልመጣም» ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ የታኅሣሡ በዓል ነው። «ይመታል» ላልቶ ሲነበብ መቺው እሱ ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ተመቺው እሱ ነው። እንግሊዝኛ ግን ከቀለሞቹ አንዱን ከፍ፣ ረዘም፣ ጠንከር ያደርግና የቀሩትን ዝቅ ያደርጋቸዋል። ከፍ የምትለዋ ቦታ ከሳተች፣ ፊደሉን አንድም ሳትሳሳቱ ብትሉት ሰሚው ላይረዳችሁ ይችላል። ተማሪዎቻችን ስድስቱንም በአንድ ቁመት ያሰልፏቸዋል፤ ወይም ደግሞ በልማድ አንዱን ያጠብቁታል።

ስተርኖክላይዶማስቶይድ ውስጥ ከሁሉ ከፍ የምትለው «ማስ» ናት። ከእሷ በታች ሁለት ትንንሽ ጉብታዎች አሉ፤ «ስተር» እና «ክላይ»። ሌሎቹ ሜዳ ናቸው። በእጃችሁ እያሳያችሁ በሉት። ስተር ትንሽ ወደላይ፣ ኖ ወደታች፣ ክላይ ትንሽ ወደላይ፣ ዶ ወደታች፣ ማስ! ወደ ተራራው ጫፍ፣ ቶይድ ወደታች። አሁን ምን አያችሁ? ወደላይ የወጡት ተ፣ ላ፣ ማ ናቸው፤ ደረት፣ ቁልፍ፣ ጡት። የወረዱት ኖ፣ ዶ፣ ቶ ናቸው፤ ሦስቱ ስፌቶች። ሥሩ ይነሳል፣ ስፌቱ ይወድቃል። ከሥሮቹም ትልቁን ጉልበት የሚወስደው የመጨረሻው ነው፤ ጡንቻው የሚያርፍበት። ስተርኖሃዮይድ ላይ «ሃ» ትነሳለች፤ ጂኒዮግሎሰስ ላይ «ግሎ» ትነሳለች።

ይህ ልማድ የሚፈርስበት ቦታ አለ፤ እሱንም ዛሬውኑ ያዙት። ቃሉ በ«ሎጂ»፣ በ«ግራፊ»፣ በ«ቶሚ» ሲያልቅ ተራራው ወደ ስፌቱ ይዛወራል። «ካርዲዮግራም» ላይ የሚነሳው መጀመሪያ ያለው «ካር» ነው። «ካርዲዮሎጂ» ሲሆን ግን «ዮ» ትነሳለች። ያቺው ማያያዣ፣ ያቺው ሳብዕ፣ አሁን የቃሉ አናት ሆነች። ሐኪም ቤት ውስጥ የምትሰሟቸው የትምህርትና የሕክምና ዘርፎች ስሞች እንዲህ ናቸው። የአካል ክፍሎች ስሞች ግን ስፌቱን ዝቅ አድርገው ነው የሚሄዱት።

የአብነት ተማሪ ይህን ሲሰማ «ይህማ ተነሽና ወዳቂ ነው» ይላል። እውነቱን ነው። የንባብ መምህራኖቻችን የግእዝን ቃላት ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ተጣይ፣ ሰያፍ ብለው ለይተው፣ ድምፅ የት እንደሚነሳና የት እንደሚወድቅ ሲያስተምሩ ኖረዋል። ልጁ መጀመሪያ ፊደል እየነጠለ ያነባል፤ ቀስ በቀስ እየገጠመ ይሄድና ቁም ንባብ ላይ ይደርሳል። ቸኩሎ የገጠመ ልጅ ይመለሳል፤ እንደገና ይነጥላል። እኔ ለእናንተ የማዘው ከዚያ የተለየ ነገር አይደለም። ነጥሉ፣ ስፌቱን አግኙ፣ ከጅራቱ ጀምራችሁ ግጠሙ። «ማስቶይድ» ብቻውን በሉት፣ ማስ ላይ ተነሱ። ከዚያ «ክላይዶማስቶይድ»። ከዚያ ሙሉውን። ከጅራት የተጀመረ ቃል መጨረሻው ላይ አያለከልክም፤ ወደሚታወቅ ቦታ እየሄደ ነውና።

ለመሆኑ ይህን ያህል ረጅም ስም ማን ሰጠው? ቬሳሊየስ የተባለው የሰውነት አካል ሊቅ በ1543 (እ.ኤ.አ.) ባዝል ከተማ የታተመውን ትልቅ የሰውነት መጽሐፉን ሲያዘጋጅ ጡንቻዎችን በአብዛኛው በቁጥር ነበር የሚጠራቸው፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያለ። ቁጥር አጭር ነው፤ ግን «አራተኛው ጡንቻ» የሚል ስም ከየት ተነስቶ የት እንደሚሄድ አይነግርም፤ ሌላ ሰው ቆጠራውን ከሌላ ጫፍ ቢጀምር ደግሞ አራተኛው ሌላ ይሆናል። በኋላ የመጡት ሊቃውንት ለየጡንቻው ስም ማውጣት ጀመሩ፤ ስሙም በዝቶ በዝቶ ለአንድ አካል አምስትና ስድስት ስም ሆነ። በ1895 (እ.ኤ.አ.) ሊቃውንቱ በዚያው በባዝል ተሰብስበው፣ ወደ 50,000 ይጠጋሉ ከተባሉት ስሞች ወደ 5,000 ገደማ አስቀርተው ሌላውን ጣሉ። የእኛ ረጅም ቃል ከተረፉት አንዱ ነው። የተረፈበት ምክንያት ይገባኛል። ረጅም የሆነው አድራሻውን ሙሉ ስለሚናገር ነው።

አንድ ፊደል ምን ያህል እንደሚያስከፍል ደግሞ ልንገራችሁ። «ፔሮኒያል» ከጉልበት በታች በእግር ውጫዊ ጎን ያለ ነገር ነው። «ፔሪኒያል» በሁለቱ ጭኖች መሃል ያለው አካባቢ ነው። በፊደላችን ልዩነቱ ሮ እና ሪ ናት፤ ሌላው ሁሉ አንድ ነው። ተረኛ ነርስ በስልክ የሰማችውን ስትጽፍ፣ ሌሊት፣ ደክሟት፣ ይህቺ አንድ ፊደል ብታመልጣት በሽተኛው ሌላ ቦታ ላይ ሊመረመር ነው። በ1998 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ዓለም አቀፍ የስም ዝርዝር «ፊቡላር» የሚለውን አስቀድሟል፤ የእግሩ ስም ከሌላኛው ጋር እንዳይምታታ ይረዳል። በየሐኪም ቤቱ ግን አሮጌው ስም ዛሬም አለ። «ኢሊየም» ደግሞ ይብሳል። የትንሹ አንጀት መጨረሻም ኢሊየም ነው፣ የዳሌ አጥንትም ኢሊየም ነው፤ በእንግሊዝኛ በአጻጻፍ ይለያያሉ እንጂ ጆሮ አይለያቸውም። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ቃሉን ብቻ አትበሉ፤ «ኢሊየም፣ አጥንቱ» ብላችሁ ጨምሩ። ማንም አያፍርባችሁም።

ወላጆች፣ ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ያደርግልናል ትሉ ይሆናል። አንድ ቀን የአምስት ሳምንት ወንድ ልጅ የታቀፈች እናት መጣች። «ዶክተር፣ አንገቱ አንድ ወገን ብቻ ነው የሚያዘነብለው፤ ጎረቤቶቼ አያያዝሽ ነው ይሉኛል» አለችኝ፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ራሱ ወደ ቀኝ ትከሻው አዘንብሏል፤ አገጩ ግን ወደ ግራ ይመለከታል። ቀኝ አንገቱ ላይ ጣቴን ሳሳርፍ ጠጠር ያለች እብጠት አገኘሁ። ቀኙ ስተርኖክላይዶማስቶይድ አጥሯል። ራሱን ወደ ራሱ ጎን ጎትቶ፣ ፊቱን ወደ ተቃራኒው አዞረው። ዛሬ እናንተ ፊታችሁን ስታዞሩ ያያችሁት ያው ነገር ነው።

«እህቴ፣ በአያያዝሽ አይደለም» አልኳት። የልጁን የደረት መሃል፣ ከዚያ ወደ ትከሻ የሚሄደውን ቀጭን አጥንት፣ ከዚያ የጆሮውን ጀርባ በራሷ ጣት አስነካኋት። «ከዚህ ተነስቶ እዚህ የሚያርፍ ጡንቻ አለ፤ እሱ አጥሮ ነው፤ እንድናስረዝመው እንዴት እንደምትዘረጊው ባለሙያዋ ታሳይሻለች» አልኳት። በጊዜ ከተጀመረ አብዛኞቹ ሕፃናት ያለ ቀዶ ጥገና ይስተካከላሉ። ስሙን አልነገርኳትም፤ አላስፈለጋትም። እኔን ግን ጣቴን በምን ቅደም ተከተል እንደማሳርፍ የመራኝ ስሙ ነው።

ከንግግሩ በኋላ አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ «መምህር፣ ታዲያ ሁሉንም ለምን ወደ አማርኛ አንመልሰውም?» ብላ ጠየቀች። ጥያቄው የቆየ ነው፤ እኔም ከልቤ እወደዋለሁ። ያለንን እንጠቀም ነው መልሴ። ባት፣ ማንቁርት፣ እንጥል፣ ቆሽት፣ ብብት፣ ማጅራት እያለን ለበሽተኛ በባዕድ ስም መናገር ስንፍና ነው። የመልክእ ደራሲዎቻችን «ሰላም ለ» እያሉ ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር አካልን በየስሙ ሲያወድሱ አእዛን፣ ክሳድ፣ መታክፍት፣ እንግድዓ የሚሉ የግእዝ ቃላት አኑረውልናል፤ ጆሮ፣ አንገት፣ ትከሻ፣ ደረት ማለት ናቸው። የእኛ ጡንቻ የሚያልፈው በእነዚሁ መንደሮች ነው። ለጡንቻው ለራሱ ግን የተሰጠ ስም የለንም፤ እኔም ዛሬ ተነስቼ ልፈጥርለት አልደፍርም።

ይልቅ አንድ ነገር ላሳያት ፈለግሁ። ግሪኮች አንዳንድ አጥንት ሲሰይሙ ፊደላቸውን ነው ያዩት። ሃዮይድ ማለት «ኡፕሲሎን የምትባለውን ፊደል መሰል» ማለት ነው። ምላስ ሥር ያለችውን ያቺን አጥንት ከላይ ብታዩዋት ግን የእኛን ሀ ናት የምትመስለው፤ ግራና ቀኝ ቆማ፣ ታች ክብ ብላ። የራስ ቅል ላይ ደግሞ ላምብዶይድ የሚባል ስፌት አለ፤ አጥንትና አጥንት የተጋጠመበት መስመር፣ እነሱም ስፌት ነው የሚሉት። «ላምብዳ መሰል» ማለት ነው። ላምብዳ የእኛ ለ ዘመድ ናት፤ ሁለቱም ከአንድ የጥንት ሴማዊ ፊደል የወረዱ ናቸው፣ መልካቸውም ሳይራራቅ ቀርቷል።

በሚቀጥለው ሳምንት ላብራቶሪ ገብተን የራስ ቅል እንይዛለን። ስትይዙት ፊቱን ወደ ጠረጴዛው አዙሩና በኋላው በኩል እዩት። እዚያ ላይ ለ ተጽፏል።